እንቁላል በእግሩ እስኪሄድ
ዘር እንዴት ይፈጠራል? ፅንስስ እንዴት ያድጋል?



«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ይህን ተረት የማያውቅ የለም። ሽማግሌ ትዕግሥትን ሲያስተምር ይናገረዋል። እኛ ግን ዛሬ ተረቱን ተርተን ብቻ አናልፍም። እንቁላሉ በእግሩ እስኪሄድ ድረስ በውስጡ ምን ይሠራል? ብለን እንጠይቃለን።

ጥያቄው የወሬ ማሳመሪያ አይደለም። የጓሮና የበረት ጉዳይ ነው። 12 እንቁላል አስታቅፋችሁ 6 ጫጩት ብቻ ስትቆጥሩ፣ የቀረውን ምን ነካው? ላማችሁን ኮርማ አስጠቅታችሁ ከሦስት ሳምንት በኋላ እንደገና ኮርማ ብትፈልግ፣ ጥፋቱ የላሟ ነው? የኮርማው ነው? ወይስ የሰዓቱ? ከዚህም የከበደ አለ። አንዲት እናት ሴት ልጅ ደጋግማ ስለ ወለደች «ይቺ ወንድ አትወልድም» ተብላ ስትታማና ስትገፋ፣ እውነቱ ከማን ጋር ነው?

የሦስቱም ጥያቄዎች መልስ ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ምንጩም የዘር አፈጣጠር ነው። እስቲ አብረን ቀስ እያልን እንሂድ።

ሕዋስ ምንድን ነው?

አንድን ጎጆ ተመልከቱ። ግድግዳው ከብዙ ማገር፣ ጣሪያው ከብዙ ሣር ተሠርቷል። የእንስሳ አካልም እንዲሁ ነው። ሥጋው፣ ቆዳው፣ አጥንቱ፣ ደሙ፣ ሁሉም ከብዙ ትንንሽ ክፍሎች ተሠርቷል። እያንዳንዷ ትንሽ ክፍል ሕዋስ ትባላለች። ሕዋስ በጣም ትንሽ ስለሆነች በዓይን አትታይም። የምትታየው በማይክሮስኮፕ ነው። ማይክሮስኮፕ ማለት ትንሹን ነገር አጉልቶ የሚያሳይ መሣሪያ ነው።

በሕዋስ ውስጥ ቀጫጭን ክሮች አሉ። ስማቸው ክሮሞሶም ይባላል። የእንስሳው ቀለም፣ ቁመት፣ የቀንዱ ዓይነት፣ የወተቱ ብዛት፣ በእነዚህ ክሮች ላይ እንደ ጽሑፍ ተጽፏል። እናንተ ፊደል ቆጥራችሁ ቃል እንደምታነቡ ሁሉ፣ ሕዋስም ከክሯ ላይ እያነበበች ሥራዋን ትሠራለች። እርግጥ መኖና አያያዝም ድርሻ አላቸው። ጥሩ ዘር ያላት ላም ካልበላች ወተት አትሰጥም።

ክሮቹ ብቻ ለብቻ አይቆሙም። እንደ በሬ ጥማድ ሁለት ሁለት ናቸው። ከጥማዱ አንዱ ከአባት፣ አንዱ ከእናት የመጣ ነው። የላምና የበሬ ሕዋስ 60 ክሮች አሉት። ይህም 30 ጥማድ ማለት ነው። የዶሮ ሕዋስ 78 ክሮች፣ ማለትም 39 ጥማድ አሉት። የሰው ሕዋስ ደግሞ 46 ክሮች፣ ማለትም 23 ጥማድ አሉት።

ዘር ማለት እኩሌታ ነው

አሁን አንድ ሒሳብ እንሥራ። ኮርማው 60 ክር ቢሰጥ፣ ላሟም 60 ክር ብትሰጥ፣ ጥጃው 120 ክር ይኖረው ነበር። የጥጃው ልጅ 240 ይሆንለት ነበር። ይህ ከቶ አይሆንም። ጥጃውም እንደ አባቱና እንደ እናቱ 60 ክር ብቻ ነው ያለው።

ታዲያ እንዴት ሆነ? መልሱ እኩል ማካፈል ነው። የወንድ ዘር ሲሠራ፣ የሴት እንቁላል ሲሠራ፣ ጥማዱ ይፈታል። ከእያንዳንዱ ጥማድ አንዱ ብቻ ወደ ዘሩ ይገባል። ስለዚህ የኮርማው ዘር 30 ክር ይይዛል። የላሟም እንቁላል 30 ክር ይይዛል። ሁለቱ ሲገናኙ 30 እና 30፣ 60 ይሆናል። ጥማዱ ተመልሶ ሞላ ማለት ነው።

ጥማዱ ከመፈታቱ በፊት ሁለቱ ክሮች ጎን ለጎን ይቆሙና ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ከዚያ በኋላ ከየጥማዱ የትኛው ወደ የትኛው ዘር እንደሚገባ አይታወቅም። እንደ ዕጣ ነው። የአንድ አባትና የአንድ እናት ልጆች የማይመሳሰሉት ለዚህ ነው። ከአንድ ላም አንዱ ጥጃ ቀይ፣ ሌላው ቡሬ ሆኖ ቢወለድ ሊያስደንቃችሁ አይገባም።

የወንድ ዘር የሚሠራው በቆለጥ ውስጥ ነው። ከአንዲት ሕዋስ አራት ዘሮች ይወጣሉ። ዘሯ ራስና ጅራት አላት፤ በጅራቷ እየዋኘች ትሄዳለች። ኮርማ አንድ ጊዜ ሲሰርር በቢሊዮን የሚቆጠር ዘር ያፈስሳል። የኮርማ ቆለጥ ከሆድ ውጪ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘሩ በደንብ የሚሠራው ከሰውነት ሙቀት ትንሽ ቀዝቀዝ ባለ ቦታ ስለሆነ ነው። የአውራ ዶሮ ቆለጥ ግን በጀርባው በኩል ከሆዱ ውስጥ ነው፤ ሙቀቱን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ጠቃሚ ነገር ልብ በሉ። የኮርማ ዘር ተሠርቶ እስኪያልቅ 60 ቀን ያህል ይፈጃል። ስለዚህ ዛሬ ኮርማው ከባድ ትኩሳት ቢይዘው ወይም ክፉኛ ቢከሳ፣ ጉዳቱ ከሳምንታት በኋላም ይታያል። ኮርማው ድኖ፣ ሠብቶ፣ ላሞቹ ግን ላይፀንሱ ይችላሉ። የዚያን ጊዜ ላሞቹን ከመውቀስ በፊት «ኮርማው ከሁለት ወር በፊት ታሞ ነበር ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው።

የሴቷ ነገር ከዚህ ይለያል። ጊደር የዕድሜዋን እንቁላል ይዛ ትወለዳለች። በእናቷ ሆድ ሳለች ተሠርቶ አልቋል። ካደገች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በ21 ቀን አንድ አንድ እያለ ይበስላል። ከአንዲት ሕዋስም አራት ሳይሆን አንድ እንቁላል ብቻ ይወጣል። ሌሎቹ ትንንሽ ሆነው ይጠፋሉ። ምክንያቱም እንቁላሏ ለፅንሱ ስንቅ መያዝ አለባት። ስንቅ ለአራት ቢከፋፈል ለማንም አይበቃም።

በቅሎ ለምን አትወልድም?

«በቅሎ አባትሽ ማነው ቢሏት፣ ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ተረቱ የሚናገረው ባባቷ ስላፈረች በቅሎ ነው። አባቷ አህያ፣ እናቷ ባዝራ ናቸውና።

ፈረስ 64 ክሮች አሉት። አህያ 62 አሉት። ባዝራዋ እኩሌታውን 32 ትሰጣለች። አህያው እኩሌታውን 31 ይሰጣል። ሲደመር 63 ሆነ። 63 ለሁለት አይካፈልም። የፈረሱ ክርና የአህያው ክርም በደንብ አይጣመዱም። አንድ ቁመተ ረጅም በሬ ከአንድ ቁመተ አጭር በሬ ጋር ጠምዳችሁ ስታርሱ እንደሚቸግር ማለት ነው። ጥማዱ ስላልተስተካከለ በቅሎ ደህና ዘር መሥራት አትችልም። አካሏ ብርቱ ነው፤ ትጫናለች፤ ዳገት ትወጣለች። መውለድ ላይ ግን ሒሳቡ አልሞላም። በቅሎ ወለደች የተባለበት ጊዜ በዓለም ላይ እጅግ ጥቂት ነው።

እንቁላል በዶሮዋ ሆድ ውስጥ

ዶሮ ስታርዱ ሆዷን አይታችሁ ታውቃላችሁ። እንደ ወይን ዘለላ የተንጠለጠሉ ቢጫ ፍሬዎች አሉ። አንዱ ትልቅ፣ አንዱ መካከለኛ፣ አንዱ እንደ ስናፍጭ ትንሽ ነው። ያ የእንቁላል ማፍሪያዋ ነው። ፍሬዎቹ አስኳሎች ናቸው። በአብዛኛዎቹ ወፎች የሚሠራው የግራው ማፍሪያ ብቻ ነው፤ የቀኙ አያድግም።

አንዱ አስኳል ሲበስል ይለቀቅና ወደ እንቁላል ቧንቧ ይገባል። የቧንቧው አፍ እንደ ሰፊ ማጥለያ ነው። አስኳሉን ይቀበለዋል። ከወንድ ዘር ጋር የሚገናኘውም እዚያው ነው፤ ከሩብ ሰዓት አይዘገይም። ከዚያ ነጩ ሲለብሰው 3 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ቀጥሎ ስሱ ሽፋን ይለብሰዋል። በመጨረሻ ቅርፊቱ ይሠራለታል፤ ይህ 20 ሰዓት ያህል ይወስዳል። በጠቅላላው ከአንድ ቀን ትንሽ ይበልጣል። ዶሮዋ ትላንት በጠዋት ጥላ ዛሬ ዘግየት ብላ የምትጥለው ለዚህ ነው።

ቅርፊቱ የሚሠራው ከካልሲየም ነው። ካልሲየም በኖራ ድንጋይና በእንቁላል ቅርፊት ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው። ዶሮዋ ይህን ካጣች ቅርፊቱ ይሳሳል።

አውራ ዶሮ የሌለበት ቤት ዶሮ እንቁላል ትጥላለች? አዎ፣ ትጥላለች። ለመብላትም ይሆናል። ግን ጫጩት አይወጣውም። በውስጡ ያለው የእናት እኩሌታ ብቻ ነው። የአባት እኩሌታ አልተጨመረም።

አውራው አንድ ጊዜ ከሰረራት በኋላ ግን ዶሮዋ ዘሩን በቧንቧዋ እጥፋት ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ለ10 ቀን፣ ለ14 ቀን፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ዘሩ ይሠራል። ስለዚህ የተሻሻለ ዝርያ አውራ ብታመጡ፣ የድሮውን አውራ አስወግዱና 3 ሳምንት ያህል ቆዩ። ከዚያ በኋላ የተጣለውን አስታቅፉ። አለዚያ የድሮው አውራ ጫጩቶች ይቀላቀሉባችኋል።

ዘር ያለው እንቁላል በዓይን ይታያል። ለወጥ እንቁላል ስትሰብሩ አስኳሉ ላይ ያለውን ነጭ ነጥብ ተመልከቱ። ነጥቡ ትንሽና ድፍን ከሆነ ዘር የለውም። ሰፋ ብሎ እንደ ቀለበት ዙሪያ ከሠራ ዘር አለው። ጫጩት የሚሆነው ያ ነጥብ ነው። አስኳሉና ነጩ ስንቁ ናቸው። ሰባት፣ ስምንት እንቁላል ሰብራችሁ ቀለበት ካጣችሁ፣ ጉዳዩ የአውራው ነው።

አንድ፣ ሁለት፣ አራት፣ ስምንት

የአባትና የእናት እኩሌታ ሲጣመሩ አንዲት ሙሉ ሕዋስ ትሆናለች። ይህ መፀነስ ነው። ያቺ ሕዋስ ለሁለት ትከፈላለች። ሁለቱ አራት ይሆናሉ። አራቱ ስምንት፣ ስምንቱ ዐሥራ ስድስት ይሆናሉ። እንቁላሉ ገና ከዶሮዋ ሆድ ሳይወጣ ሥራው ተጀምሯል። ተጥሎ ጎጆው ውስጥ ስታገኙት በነጥቡ ላይ በዐሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕዋሳት አሉ። እንቁላል ድንጋይ አይደለም። ትንሽ ሕይወት ይዟል።

እንቁላሉ ሲበርድ ይህ ሕይወት አይሞትም። ይተኛል። ከ20 ዲግሪ በታች በሆነ ቀዝቃዛ ቦታ ሲቀመጥ ማደጉን ያቆማል። ዶሮዋ ስትታቀፈው ይነቃል። እንቅልፉ ግን ልክ አለው። አንድ ሳምንት ደህና ነው። ከዚያ ባለፈ ቁጥር የሚሞተው ይበዛል። እንቁላሉ ሙቀት ባለበት፣ ከምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ቢቀመጥ ደግሞ በግማሽ ልቡ ይነቃና ይሞታል። ከ12 እንቁላል 6 የሚቀረው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ዶሮዋ ሳትታቀፈው ሞቷል።

21 ቀን በቅርፊት ውስጥ

ዶሮዋ ታቀፈች እንበል። አሁን ቀኑን እንቁጠር።

በመጀመሪያው ቀን በነጥቡ ላይ ቀጭን መሥመር ይታያል። የጀርባውና የጭንቅላቱ መሠረት ነው። ሕዋሳቱም በሦስት ድርብ ይደረደራሉ። ከላይኛው ድርብ ቆዳ፣ ላባ፣ አንጎልና ጅማተ ነርቭ ይወጣሉ። ከመካከለኛው ልብ፣ ደም፣ አጥንትና ሥጋ ይወጣሉ። ከታችኛው አንጀት፣ ጉበትና ሳምባ ይወጣሉ። የላምም ሆነ የሰው ፅንስ በዚህ በሦስት ድርብ ያልፋል።

በሁለተኛው ቀን ልብ መምታት ይጀምራል። አስቡት! ዓይን ሳይኖረው፣ እግር ሳይኖረው፣ ልቡ ይመታል።

በሦስተኛው ቀን የደም ሥሮች በአስኳሉ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ይዘረጋሉ። ስንቁን ከአስኳሉ የሚያመጡለት እነሱ ናቸው። የክንፍና የእግር እንቡጥ ብቅ ይላል።

በአምስተኛው ቀን ጥቁር ትልቅ ዓይን ይታያል። በዐሥረኛው ቀን መንቁር ለይቶ ይወጣል። በ14ኛው ቀን ገላው ላባ ለብሷል።

በ19ኛው ቀን ጫጩቱ ጭንቅላቱን ወደ ሰፊው ጫፍ አድርጎ ይተኛል። እዚያ የአየር ኪስ አለ። የተረፈው አስኳል ወደ ሆዱ ይሳባል። በ20ኛው ቀን የአየር ኪሱን በመንቁሩ ይበሳና ለመጀመሪያ ጊዜ በሳምባው ይተነፍሳል። በዚህን ጊዜ ከቅርፊቱ ውስጥ ጩኸት ይሰማችኋል። በ21ኛው ቀን በመንቁሩ ጫፍ ባለች ትንሽ ጥርስ መሰል ቀንድ ቅርፊቱን ሰብሮ ይወጣል። ያቺ ቀንድ ሥራዋን ጨርሳ ከጥቂት ቀን በኋላ ትወድቃለች።

ጫጩቱ ወደ ሆዱ በሳበው አስኳል ሁለት፣ ሦስት ቀን ያለ ምግብ መቆየት ይችላል። ዶሮዋ የመጨረሻው ጫጩት እስኪወጣ መጠበቅ የምትችለው ስለዚህ ነው።

ይህን ሁሉ ሰው እንዴት አወቀው?

ከ2,300 ዓመት በፊት አሪስቶትል የሚባል የግሪክ ሊቅ ነበር። የታቀፉ እንቁላሎችን በተለያየ ቀን እየሰበረ ተመለከተ። ልብን እንደምትዘል የደም ነጥብ ሆና አያት። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1677 ሊዩዌንሁክ የሚባል የሆላንድ ጨርቅ ነጋዴ በራሱ እጅ በሠራው ማጉያ የወንድ ዘር ሲዋኝ አየ። በ1827 ፎን ቤር የሚባል ሊቅ የውሻን እንቁላል አገኘ። ከዚያ በፊት የሚያጠቡ እንስሳት እንቁላል እንዳላቸው በዓይን ያየ አልነበረም፤ ከአሸዋ ቅንጣት ያንሳልና። በ1876 ደግሞ ኦስካር ሄርትቪግ የሚባል ጀርመናዊ በአንዲት እሾኻማ የባሕር እንስሳ ላይ የአባትና የእናት እኩሌታ ሲዋሃዱ በማይክሮስኮፕ አሳየ። አንዱ ያየውን ጻፈ፤ ሌላው አነበበና ቀጠለ። ዕውቀት የተከማቸው በጽሑፍ ነው።

ታዲያ እኛ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንቁላል ሲጣል በእርሳስ ቀኑን ጻፉበት። ፊደል ለደብዳቤ ብቻ አይደለም። ከአንድ ሳምንት የቆየውን ለወጥ፣ አዲሱን ለማስታቀፍ አድርጉት።

ሁለተኛ፣ የሚታቀፈውን እንቁላል ቀዝቀዝ ባለ ጥላ ቦታ፣ ሹሉን ጫፍ ወደ ታች አድርጋችሁ አስቀምጡ። አትጠቡት። ቅርፊቱ በሺህ የሚቆጠሩ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት፤ ፅንሱ የሚተነፍስባቸው ናቸው። ውሃ ሲነካው ቆሻሻና ተሕዋስያን በቀዳዳው ይገባሉ። የቆሸሸውንና የተሰነጠቀውን አታስታቅፉ።

ሦስተኛ፣ ዶሮዋን አትረብሿት። እንቁላሉን በመንቁሯና በእግሯ የምታገላብጠው በከንቱ አይደለም። ካልተገላበጠ ፅንሱ ከሽፋኑ ጋር ይጣበቅና ይሞታል። ውሃና ጥሬ ቅርብ አድርጉላት።

አራተኛ፣ በ7ኛው ቀን ማታ እንቁላሉን በባትሪ መብራት ፈትሹ። ካርቶን ቀዳችሁ ብርሃኑን በቀዳዳው አሳልፉ፤ እንቁላሉን ቀዳዳው ላይ አድርጉት። ጥርት ብሎ ከታየ ዘር የለውም። ቀይ ቀለበት ብቻ ከታየ ፅንሱ ሞቷል። ሸረሪት የሚመስል የደም ሥር ከታየ ጫጩት አለ። የሞተውንና ባዶውን አውጡ። ግም እንቁላል ሲፈነዳ ሌላውን ያበላሻል።

አምስተኛ፣ ጫጩት ቅርፊት ሲሰብር ቸኩላችሁ አትላጡለት። የደም ሥሩ ገና ከሽፋኑ አልተላቀቀም። ብትላጡት ይደማል፤ ይሞታል።

የላም ፅንስ

የላም ነገር ከዶሮ የሚለየው ፅንሱ ስንቁን ከአስኳል ሳይሆን ከእናቱ ደም በማግኘቱ ነው። የላም እንቁላል ጥቃቅን የሆነችው ብዙ ስንቅ መያዝ ስለማያስፈልጋት ነው።

ላም በ21 ቀን አንድ ጊዜ ኮርማ ትፈልጋለች። አንዳንዷ በ18፣ አንዳንዷ በ24 ቀን ይሆናል። ምልክቱ ይህ ነው፦ ትቅበጠበጣለች፣ ትጮሃለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከብልቷ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ዝልግልግ ፈሳሽ ይወርዳል። ከሁሉም የሚበልጠው ምልክት ሌላ ከብት ሲወጣባት ቆማ መጠበቋ ነው። ይህ ከግማሽ ቀን ብዙ አይበልጥም። በአገራችን ላሞች እንዲያውም ያጥራል፤ ብዙ ጊዜም በሌሊት ስለሚመጣ ያመልጠናል።

እንቁላሏ የምትለቀቀው ፍላጎቱ ካበቃ ከ10 እስከ 12 ሰዓት በኋላ ነው። ከተለቀቀች በኋላ የምትቆየው ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው። የወንድ ዘር ደግሞ በላሟ ማህፀን ውስጥ አንድ ቀን ያህል ይኖራል። ስለዚህ ዘሩ ቀድሞ ደርሶ መጠበቅ አለበት። በሰው ሠራሽ ዘዴ ለምታስዳቅሉ ደንቡ ይህ ነው፦ በጠዋት ኮርማ ስትፈልግ ካያችኋት ከሰዓት በኋላ፣ ከሰዓት በኋላ ካያችኋት በማግስቱ ጠዋት ትዳቀል። አዳቃዩን ባለሙያ በጊዜ ጥሩት። አንድ ቀን ከዘገየ ዘሩም፣ እንቁላሏም፣ ድካሙም ባከነ። 21 ቀን ትጠብቃላችሁ።

ከብዙው ዘር ወደ እንቁላሏ የምትገባው አንዲት ብቻ ናት። እሷ እንደገባች የእንቁላሏ ሽፋን ይለወጥና ሌሎቹን ይከለክላል። ሕዋሷ እየተከፈለች በ4ኛው ወይም በ5ኛው ቀን ማህፀን ትደርሳለች። በሳምንቱ ውስጧ ባዶ የሆነ ኳስ ትመስላለች። በ16ኛው ቀን ገደማ ፅንሱ ለእናቱ መልእክት ይልካል፦ «እኔ አለሁ፤ እንደገና ኮርማ አትፈልጊ» እንደማለት ነው። መልእክቱ ካልደረሰ በ21ኛው ቀን ተመልሳ ትፈልጋለች። ፅንሱ ከማህፀን ግድግዳ መያያዝ የሚጀምረው በሦስተኛው ሳምንት ገደማ ነው።

ከሚጠፉት ፅንሶች ብዙዎቹ የሚጠፉት በእነዚህ የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። አይታይም፤ አይሰማም። ላሟ «አልያዘችም» ይባላል። ስለዚህ ከተጠቃች በኋላ አትደብድቧት፤ በጠራራ ፀሐይ ረጅም መንገድ አትንዷት፤ መኖዋን በድንገት አትቀንሱባት።

የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ። ለምሳሌ መስከረም 10 ከተጠቃች፣ ከመስከረም 28 እስከ ጥቅምት 4 ጠዋትና ማታ ተመልከቷት። ተመልሳ ካልፈለገች ተስፋ አለ። ላም የምትወልደው በ9 ወር ከ10 ቀን ገደማ ስለሆነ፣ ሰኔ 20 አካባቢ ጠብቁ።

መንታ ብትወልድ ደግሞ ይህን እወቁ። ሁለቱም ሴት ከሆኑ ወይም ሁለቱም ወንድ ከሆኑ ችግር የለም። አንዱ ወንድ አንዷ ሴት ከሆኑ ግን፣ በማህፀን ሳሉ ደማቸው ስለሚቀላቀል፣ ከዐሥር እንዲህ ያሉ ጊደሮች ከዘጠኝ በላይ መካን ይሆናሉ። ለርቢ ብላችሁ ዓመታት ከመቀለብ በፊት ለእንስሳት ሐኪም አሳዩዋት።

ወንድ ወይስ ሴት? የሚወስነው ማነው?

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን።

ከክሮቹ ጥማድ አንዱ ጾታን የሚወስን ነው። በላም ይህ ጥማድ ሁለት ተመሳሳይ ክር ነው፤ ኤክስ እና ኤክስ ይባላሉ። በኮርማ ግን አንዱ ኤክስ ሌላው ዋይ ነው። ጥማዱ ሲፈታ የላሟ እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ይይዛል፤ ሌላ የላትም። የኮርማው ዘር ግን እኩሌታው ኤክስ፣ እኩሌታው ዋይ ይይዛል። ኤክስ የያዘችው ቀድማ ከደረሰች ጊደር ይሆናል። ዋይ የያዘችው ከደረሰች ወይፈን ይሆናል።

በዶሮ ነገሩ ይገለበጣል። ሁለት ዓይነት ያላት እናቲቱ ናት። ስለዚህ የጫጩቱን ጾታ የሚወስነው የዶሮዋ እንቁላል ነው።

በሰውስ? በሰው እንደ ከብቱ ነው። የእናት እንቁላል ሁልጊዜ ኤክስ ነው። ወንድ ወይም ሴት የሚያደርገው ከአባት የሚመጣው ዘር ነው። እንግዲህ «ሴት ብቻ ወለደችብኝ» ብሎ ሚስቱን የሚገፋ፣ ሌላ የሚያገባ ሰው ምን ያህል እንደተሳሳተ ተመልከቱ። የሌላትን ዋይ ከየት ታምጣ? ባልም ቢሆን ወቀሳ የለበትም። ዘሩ እኩል ለእኩል ስለሆነ፣ የትኛው እንደሚደርስ አይመርጥም። ሳንቲም ወደ ላይ ወርውሩ። አምስት ጊዜ በአንድ ፊት ቢወድቅ ሳንቲሙን ማን ይወቅሰዋል? አማትም፣ ጎረቤትም፣ ባልም ይህን ይወቁ። ስንት ትዳር የፈረሰው፣ ስንት እናት ያለቀሰችው ባልሠራችው ጥፋት ነው።

ልጅቷም ብትሆን የአባቷን እኩሌታና የእናቷን እኩሌታ ይዛ የተወለደች ናት። ከወንድሟ ያነሰ ምንም የላትም።

በጋራ ለመወያየት

ይህን ጽሑፍ ካነበባችሁ በኋላ ማንበብ ላልቻለው ጎረቤት ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡለት። ከዚያ በእነዚህ ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. የኮርማ ዘር 30 ክር ብቻ የሚይዘው ለምንድን ነው?
2. አዲስ አውራ ዶሮ ስናመጣ 3 ሳምንት የምንቆየው ስለምንድን ነው?
3. በመጨረሻ ካስታቀፋችሁት እንቁላል ስንቱ ፈለፈለ? ያልፈለፈለው በየትኛው ምክንያት ይመስላችኋል?
4. በጎረቤታችሁ ሴት ልጅ በመውለዷ የምትወቀስ እናት ብትኖር ምን ብላችሁ ታስረዳላችሁ?

አዲስ ቃላት

ሕዋስ፦ አካል የተሠራበት በዓይን የማይታይ ትንሽ ክፍል።
ክሮሞሶም፦ በሕዋስ ውስጥ ያለ፣ የዘር ጠባይ የተጻፈበት ክር።
መፀነስ፦ የአባትና የእናት እኩሌታ ተዋህደው አንዲት ሙሉ ሕዋስ መሆን።
ፅንስ፦ በእንቁላል ወይም በማህፀን ውስጥ የሚያድግ፣ ገና ያልተወለደ ልጅ።

አንድ ደብተር ይኑራችሁ። በአንድ በኩል እንቁላል የታቀፈበትን ቀን፣ በሌላ በኩል ላም የተጠቃችበትን ቀን ጻፉ። በዓመቱ ገጹን ገልጣችሁ ስታነቡት፣ የትኛዋ ዶሮ እንደተሳካላት፣ የትኛዋ ላም በጊዜ እንደያዘች ደብተሩ ይነግራችኋል።